የሚጎትተውና የሚጎተተው፦ ጉዳት ሲደርስ ተጠያቂው ማነው?

አዲስ አበባ መልኳን እየቀየረች ነው። ለውጡ ጎልቶ ከታየባቸው ሠፈሮች አንዱ ደግሞ ካዛንቺስ ነው። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የኮሪደር ልማቱ ሁለተኛ ምዕራፍ ሲጀመር፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩት ቤቶች ስሙን የወረሰው ይህ አንጋፋ ሠፈር በአጭር ጊዜ ውስጥ አብዛኛው ፈርሶ ነዋሪው ወደ ሌላ አካባቢ ተዛወረ። ስለ ፈረሳው፣ ስለ ካሣውና ስለ ነዋሪው ዕጣ ብዙ ተብሏል፤ ወደፊትም ይባላል። የዛሬው ጽሑፍ ግን ከዚያ ሁሉ ወሬ ጎን ተረስቶ ስለቀረ፣ ነገር ግን የሰው ሕይወት ስላለበት አንድ ጉዳይ ነው።

በሥራ ሰዓት በኡራኤል፣ በካዛንቺስና በመስቀል አደባባይ መካከል የሚመላለስ ሰው ልብ ብሎ ከተመለከተ አንድ ነገር ደጋግሞ ያያል። ላንድክሩዘር ወይም ፒክአፕ ከኋላው ባለ ሁለት ጎማ ጄኔሬተር አስከትሎ ወደ ሆቴል ይገባል። ሌላው የግንባታ ኮምፕሬሰር ይጎትታል። ለስብሰባና ለሠርግ የድምፅ መሣሪያ የጫነ በየጋራዡ የተበየደ ጋሪ መሰል ተሳቢ ይከተላል። ከሁሉ በላይ የሚበዛው ደግሞ የተበላሸች አውቶሞቢል በገመድ አስሮ የሚጎትተው የመስክ መኪና ነው። ይህ ሁሉ የሚሆነው በጠራራ ፀሐይ፣ በከተማዋ እምብርት፣ ከቤተ መንግሥት፣ ከአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽንና ከታላላቅ ሆቴሎች ደጃፍ ነው።

ለመሆኑ ከነዚህ መኪኖች የአንዱ ተሳቢ ተነጥሎ እግረኛ ላይ ቢወጣ ተጠያቂው ማነው? የመኪናው ባለቤት? ሾፌሩ? የተሳቢው ባለቤት? ጋንቾውን የበየደው ባለሙያ? ወይስ ይህን ሁሉ እያየ ዝም ያለው ተቆጣጣሪ? ጥያቄው የሕግ ባለሙያ ቅንጦት እንዳይመስል። የመስክ መኪና ያለው ሰው፣ የመስክ መኪና ያለው ድርጅት፣ እንዲሁም መኪናውን ለወዳጅ የሚያውስ ሁሉ ሳያውቀው የገባበት ጥያቄ ነው።

ስለ ትልቁ ተሳቢ ስንጨቃጨቅ ትንሹን ረሳነው

በአገራችን “ተሳቢ” ሲባል ወደ ሁሉም ሰው አእምሮ የሚመጣው ከጅቡቲ ወደብ ዕቃ ጭኖ የሚመጣው ከባድ መኪና ነው። ይህ የሚያስገርም አይደለም። የአገሪቱ ገቢና ወጪ ንግድ አብዛኛው የሚመላለሰው በዚያ መስመር ነውና። የትራፊክ ፖሊስ ስለ አደጋ መግለጫ ሲሰጥም የመኪናውን ሰሌዳ ቁጥር ከጠራ በኋላ “ተሳቢ” ብሎ የተሳቢውን ሰሌዳ ለብቻው ይጠራል። ይህም ተሳቢው በሕግ ፊት ራሱን የቻለ፣ የራሱ መለያ ያለው አካል መሆኑን ያሳያል።

ብዙ አንባቢ እንደሚያስታውሰው በ2000 ዓ.ም. አካባቢና ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ሙሉ ተሳቢ የሚጎትቱ የጭነት መኪኖች በግማሽ ተሳቢ እንዲተኩ በመንግሥት በኩል አቋም ተይዞ ነበር። ባለንብረቶች በወጪው አማረሩ፤ ቀነ ገደቡም ተራዘመ። ክርክሩ ከቴክኒክ አንጻር መሠረት ነበረው። ሙሉ ተሳቢ በመጎተቻው ዘንግና በፊት አክስሉ ሁለት ቦታ ላይ ስለሚታጠፍ በኩርባና በቁልቁለት ከጎታቹ አቅጣጫ ውጭ የመወዛወዝ ባሕርይ አለው። ግማሽ ተሳቢ ግን ከክብደቱ ከፊሉን በጎታቹ ጀርባ ላይ ስለሚያሳርፍ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ይታጠፋል።

በዚህ ጸሐፊ እምነት ከዚያ ክርክር ያልተማርነው አንድ ነገር አለ። ስለ ከባዱ መኪና ስንነጋገር ቢያንስ የሚነዳው ሰው ለዚሁ የሠለጠነ ነው፤ ተሳቢው ሰሌዳ አለው፤ ፍሬኑም ከጎታቹ ጋር በአየር ቱቦ የተያያዘ ነው። በካዛንቺስ ጎዳና በላንድክሩዘር የሚጎተተው ጄኔሬተር ግን ብዙ ጊዜ ከሦስቱ አንዱንም አያሟላም። የአውቶሞቢል መንጃ ፈቃድ ለማውጣት የሚሠለጥን ሰው ተሳቢ አስከትሎ ወደኋላ በመሄድ አይፈተንም። ቁልቁለት ላይ ተሳቢ ሲገፋው ምን ማድረግ እንዳለበትም ማንም አይነግረውም። የመስክ መኪናው ጉልበት ስላለው ብቻ “ይችላል” ይባላል።

ጉልበት መጎተት እንጂ ማቆም አይደለም

ስሕተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። መኪና አንድን ነገር ለመጎተት መቻሉና ያንኑ ነገር ይዞ ለመቆም መቻሉ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጉዳዩን በቀላል ስሌት እንየው።

2,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን የመስክ መኪና 1,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን፣ የራሱ ፍሬን የሌለው ጄኔሬተር ይጎትታል እንበል። አሁን የመኪናው ፍሬን የሚያቆመው 2,500 ሳይሆን 3,500 ኪሎ ነው። የተሳቢው ጎማዎች ይሽከረከራሉ እንጂ አይይዙም። ስለዚህ በደረቅ አስፋልት በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ ፍሬን ከያዘ በኋላ በ14 ሜትር ገደማ ይቆም የነበረው መኪና አሁን ወደ 20 ሜትር ያስፈልገዋል። ሾፌሩ አደጋውን አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ ያለፈችው አንዲት ሴኮንድ ሌላ 14 ሜትር ትበላለች። የተጨመረው 6 ሜትር ቀላል ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ከእግረኛ ማቋረጫው በፊት በመቆምና በማቋረጫው ላይ ሰው ገጭቶ በመቆም መካከል ያለው ልዩነት ይኸው ነው።

ፍጥነት ሲጨመር ነገሩ ይብሳል። የሚንቀሳቀስ አካል የያዘው ጉልበት በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን በፍጥነቱ ካሬ ያድጋልና። ያው መኪና ያለ ተሳቢ በ40 ሲሄድ ከያዘው ጉልበት ጋር ሲነጻጸር፣ ተሳቢውን አስከትሎ በ60 ሲሄድ የሚይዘው ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። ከቤተ መንግሥቱ አጠገብ በሒልተን በኩል አድርጎ ወደ መስቀል አደባባይ የሚወርደውን ጎዳና የሚያውቅ ሰው የቁልቁለቱን ተጨማሪ ግፊት ራሱ ያስላው።

በዚህ ላይ የከተማችን ከፍታ አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች። አየሩ ስስ በመሆኑ ተርቦ የሌለው ሞተር በባሕር ጠረፍ ከሚሰጠው ጉልበት አንድ አምስተኛ ያህሉን እዚህ ያጣል። አምራቹ በመመሪያ መጽሐፉ ላይ “ይህን ያህል ይጎትታል” ብሎ የጻፈው ቁጥር እንጦጦን አስቦ የተጻፈ አይደለም። ሾፌሩ ዳገቱ እንዳያቅተው አስቀድሞ ፍጥነት ሲጨምር ደግሞ ቀደም ብለን ያየነውን የማቆም ችግር በገዛ እጁ ያባብሰዋል።

ወደ ሌሎች አገሮች ስንመለከት መስመሩ የተሰመረው በዚሁ ስሌት መሠረት ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ጠቅላላ ክብደቱ ከ750 ኪሎ ግራም የሚበልጥ ተሳቢ የራሱ ፍሬን ሊኖረው ግድ ነው። ላንድክሩዘር 200 የተባለው ሞዴል በዚያ ገበያ ፍሬን ያለው ተሳቢ ከሆነ 3,500 ኪሎ፣ ፍሬን የሌለው ከሆነ ግን 750 ኪሎ ብቻ እንዲጎትት ነው የተፈቀደለት። አንባቢ ልብ ይበል፤ መኪናው አንድ ነው፤ ሞተሩም አንድ ነው። ልዩነቱን ያመጣው የሚጎተተው ነገር ፍሬን አለው ወይስ የለውም የሚለው ጥያቄ ብቻ ነው።

ክብደቱ የት ላይ አረፈ?

ሁለተኛው ጉዳይ የጭነቱ አቀማመጥ ነው። በባለሙያዎች ዘንድ የታወቀው ልማድ ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ውስጥ ከ10 እስከ 15 ከመቶ የሚሆነው በጋንቾው ላይ እንዲያርፍ ማድረግ ነው። በአውሮፓ ደግሞ ከዚህ አነስ ያለ መጠን ይመከራል። ዋናው ቁም ነገር ከባዱ ጭነት ከተሳቢው አክስል ትንሽ ወደፊት መሆን አለበት የሚለው ነው። ጭነቱ ወደኋላ ካደላ ተሳቢው የጎታቹን የኋላ ክፍል ወደ ላይ ያነሳዋል፤ የኋላ ጎማዎቹ መሬት መቆንጠጣቸው ይቀንሳል፤ ተሳቢውም እንደ ጅራት ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል። የመስክ መኪና ቁመቱ ከፍ ያለ በመሆኑ ይህ መወዛወዝ ከአውቶሞቢል ይልቅ ለመገልበጥ ያጋልጠዋል።

መወዛወዙ አንዴ ከጀመረ ሾፌሩ በደመ ነፍስ የሚያደርገው ነገር ሁሉ ስሕተት ነው። ፍሬን ቢረግጥ ተሳቢው ከኋላ ይገፋውና ይታጠፋል። መሪውን ወዲያና ወዲህ ቢመልስ መወዛወዙን ይመግበዋል። ነዳጅ ቢጨምርም ፍጥነቱ ነገሩን ያብሰዋል። ትክክለኛው እርምጃ መሪውን ቀጥ አድርጎ ይዞ፣ እግርን ቀስ ብሎ ከነዳጁ ላይ አንስቶ ፍጥነቱ በራሱ እንዲወርድ መተው ነው። ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ በሚወስደው የፍጥነት መንገድ በሰዓት 100 እየሄደ የሚጎትት ሰው ይህን አስቀድሞ ካላወቀ በዚያች ቅጽበት ሊማረው አይችልም።

ሦስተኛው የጋንቾው ጉዳይ ነው። በዓለም ላይ በብዛት የሚሠራበት የመጎተቻ ኳስ 50 ሚሊ ሜትር ነው። ነገር ግን ከአሜሪካ በሚመጡ መኪኖች ላይ 47.6 ሚሊ ሜትር የሆነም ይገኛል። ሁለቱ በዐይን አይለዩም። ለ50 የተሠራው የተሳቢ አፍ በ47.6ቱ ላይ ይቀመጣል፤ የተቆለፈም ይመስላል። ጉድጓድ ወይም የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ሲዘል ግን ተስፈንጥሮ ሊወጣ ይችላል። ለዚህ ነው በሌሎች አገሮች ሁለት የደህንነት ሰንሰለቶች ከጋንቾው ሥር ተሻግረው እንዲታሰሩ የሚደረገው። ኳሱ ቢለቅ እንኳ የተሳቢው ዘንግ አስፋልቱን ሳይወጋ ሰንሰለቱ ላይ ያርፋል። እኛ ዘንድ በየጋራዡ ጋንቾ ሲበየድ ስለ ሰንሰለቱ የሚጠይቅ ደንበኛም ሆነ በያጅ ብዙ አይታይም።

ገመዱ የማይታያቸው እግረኞች

ከሁሉም የከፋው ግን በገመድ መጎተት ነው። እዚህ ላይ ነገሩ የመኪናዎቹ ጉዳይ መሆኑ ይቀርና የእግረኛው ጉዳይ ይሆናል። በአዲስ አበባ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት ሰዎች አብዛኞቹ እግረኞች መሆናቸው የታወቀ ነው። በተጨናነቀ ጎዳና ላይ ሁለት መኪኖች ተራርቀው ቆመው ሲታዩ እግረኛው በመካከላቸው ያልፋል። ይህ የዘወትር ልማዱ ነው። በመካከላቸው ገመድ መኖሩን የሚያውቀው የፊተኛው መኪና ተነስቶ ገመዱ ሲወጠር ነው። ሲመሽማ ጭራሽ አይታይም።

በብሪታንያ ሕግ በጎታቹና በተጎታቹ መካከል ያለው ገመድ ወይም ሰንሰለት ከ4.5 ሜትር መብለጥ አይችልም፤ ርቀቱ ከ1.5 ሜትር ከበለጠም ለሌላ መንገደኛ በግልጽ እንዲታይ ምልክት ሊደረግበት ይገባል። መፍትሔው አንዲት ቀይ ጨርቅ ናት። ዋጋዋ ከአንድ ስኒ ቡና አይበልጥም።

የተጎታቹ መኪና ሾፌር ያለበትን ሁኔታም እናስብ። ሞተሩ ስለጠፋ የፍሬኑ ማገዣ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ ይደነድናል፤ መሪውም ይከብዳል። ቁልፉን ከነቀለ ደግሞ መሪው ሊቆለፍበት ይችላል። ይህን ሁሉ ይዞ ከፊቱ ያለው የመስክ መኪና የኋላ መስተዋት ብቻ እየታየው፣ መንገዱ ሳይታየው ይጎተታል። ብዙ ጊዜ መሪውን እንዲይዝ የሚቀመጠው ደግሞ ከሁሉ ልምድ ያለው ሰው ሳይሆን “አንተ ያዝ” የተባለ ረዳት ነው።

በቅርቡ የመጣ አዲስ ነገርም አለ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች ቁጥር በከተማችን በግልጽ ጨምሯል። አብዛኞቹ አምራቾች እነዚህ መኪኖች የሚነዱት ጎማዎች መሬት ነክተው እንዲጎተቱ አይፈቅዱም። ጎማው ሲሽከረከር ሞተሩ ኤሌክትሪክ ማመንጨት ይጀምራልና፣ ውጤቱ የመሣሪያ ቃጠሎ ሊሆን ይችላል። መነሳት ያለባቸው በጠፍጣፋ መኪና ላይ ተጭነው ነው። ባትሪዋ ያለቀባትን መኪና በላንድክሩዘርና በገመድ ለማንሳት የሚሞክር ደግ ሰው የወዳጁን ንብረት ሊያጠፋ ይችላል ማለት ነው። ደግነት ዕውቀት ካልታከለበት ዕዳ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

አሁን ወደ ተነሳንበት ጥያቄ እንመለስ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በዚህ ረገድ ብዙ ሰው ከሚገምተው በላይ ጥብቅ ነው። በአንቀጽ 2081 መሠረት የባለሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። መኪናውን የነዳው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ ኃላፊ ነው። ነፃ የሚወጣው መኪናው ጉዳቱን ባደረሰበት ጊዜ ተሰርቆበት እንደነበር ካስረዳ ነው። ከዚያ ውጭ ያለው ዋነኛ በር በአንቀጽ 2086 የተመለከተው የራሱ የተጎጂው ጥፋት ነው። “ምክንያቱ አይታወቅም” ወይም “ልከላከለው አልችልም ነበር” የሚለው መከራከሪያ አያድነውም።

ይህን ወደ ዕለት ኑሯችን እናምጣው። ቅዳሜ ጠዋት ጎረቤትዎ መጥቶ “ለልጄ ሠርግ ጄኔሬተር ላመጣበት መኪናህን አውሰኝ” ቢልዎት በኢትዮጵያዊ ጨዋነት ቁልፉን ይሰጡታል። ተሳቢው በመንገድ ተነጥሎ ሰው ቢገድል ግን ፍርድ ቤት የሚጠራዎት እርስዎን ነው። መኪናውን እርስዎ አልነዱም፤ ጄኔሬተሩ የእርስዎ አይደለም፤ ጋንቾውንም አልበየዱም። ሆኖም መኪናው የእርስዎ ነው።

“ተሳቢው ሞተር የለውም፣ ስለዚህ ባለሞተር ተሽከርካሪ አይደለም” የሚል ተከራካሪ ሊነሳ ይችላል። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ይህ ክርክር ሩቅ አይወስድም። ተሳቢው ያን አደገኛ ጉልበት ያገኘው ከጎተተው ሞተር ነው፤ ሕጉ በባለቤቱ ላይ ጥብቅ ኃላፊነት የጣለውም ሞተር በመንገድ ላይ ስለሚፈጥረው አደጋ ነው። የተሳቢው ባለቤት ሌላ ሰው ከሆነና የእሱም ጥፋት ከተረጋገጠ ደግሞ አንቀጽ 2155 አለ። ለአንድ ጉዳት ኃላፊ የሆኑ ሰዎች በአንድነትና በነጠላ ይጠየቃሉ። ተጎጂው ካሣውን በሙሉ ከፈለገው አንዱ መጠየቅ ይችላል። በገመድ የተያያዙ ሁለት መኪኖች ሦስተኛ ሰው ሲጎዱም መርሁ ይኸው ነው። ሁለቱ መኪኖች እርስ በርሳቸው ቢጋጩ ግን አንቀጽ 2084 ይመጣል። ሌላ ነገር ካልተረጋገጠ ለአደጋው እኩል እንዳዋጡ ይገመታልና። “እኔ ልረዳው ነው የጎተትኩት” ማለት ይህን ግምት በራሱ አያፈርሰውም።

ድርጅቶችም ልብ ይበሉ። በአንቀጽ 2130 መሠረት አሠሪ ሠራተኛው ሥራውን ሲያከናውን ባደረሰው ጥፋት ይጠየቃል። በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ብቻ ያሉት ሆቴሎች፣ ዓለም አቀፍ ድርጅቶች፣ ተቋራጮችና መሥሪያ ቤቶች ስንት የመስክ መኪና እንዳላቸው አስቡት። ስንቶቹ ናቸው ሾፌሮቻቸው ምን መጎተት እንደሚችሉና እንደማይችሉ በጽሑፍ የወሰኑት?

የወንጀሉ ጎን ደግሞ አለ። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደል ያስቀጣል። አጥፊው እንደ ሾፌር የሌላውን ሕይወት የመጠበቅ ግዴታ ያለበት ሰው ከሆነ ቅጣቱ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እስራት ይደርሳል። ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሰዎች ከሞቱ ወይም ደንብና መመሪያ ሆን ተብሎ ከተጣሰ ደግሞ ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ዓመት ይሆናል። ፍሬን የሌለው ተሳቢ አስከትሎ ቁልቁለት የወረደ ሰው “አላሰብኩትም” ሊል ይችላል። ሕጉ ግን የሚጠይቀው ያሰበውን ብቻ አይደለም፤ ማሰብ የነበረበትንና ማሰብ ይችል የነበረውንም ጭምር ነው።

“ኢንሹራንስ አለኝ”

ብዙ ባለመኪና እዚህ ላይ ሲደርስ “ለዚህማ ኢንሹራንስ አለኝ” ብሎ ይጽናናል። መጽናናቱ ያለጊዜው ነው። የሦስተኛ ወገን መድን በ2000 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 559 ግዴታ ሆኖ በ2005 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 799 መተካቱ ትልቅ እርምጃ ነበር። ዳሩ ግን አዋጅ 799 ሲወጣ ለአንድ ሰው ሞት ያስቀመጠው ከፍተኛ ክፍያ 40,000 ብር ነበር። ገደቡ ከፍ ቢልም እንኳ መርሁ አይለወጥም፤ ፍርድ ቤት ከዚያ በላይ ካሣ ከወሰነ ቀሪውን የሚከፍለው ባለቤቱ ከራሱ ኪስ ነው።

የሙሉ ዋስትና ውል ያለውም ቢሆን ውሉን አውጥቶ ያንብብ። መድን ሰጪው ዋጋውን ያሰላው ለመኪናው እንጂ ለማያውቀው ተሳቢ አይደለም። የንግድ ሕጋችን ዋስትና የገባ ሰው የአደጋውን መጠን የሚያሳድግ ነገር ሲፈጠር እንዲያሳውቅ ግዴታ ይጥልበታል። መኪናው በየሳምንቱ ጄኔሬተር እንደሚጎትት ለመድን ድርጅቱ ያልነገረ ባለንብረት፣ አደጋ ከደረሰ በኋላ “ስለ ተሳቢው አልተነገረንም” የሚል ደብዳቤ ቢደርሰው ሊደነቅ አይገባም። አንዲት ስልክና አንዲት የተጨማሪ ውል ገጽ ይህን ይከላከሉ ነበር።

ተጎጂው ደግሞ አንድ ነገር ማወቅ አለበት። ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ካሣ የሚጠየቅበት ጊዜ በአንቀጽ 2143 መሠረት በመርህ ደረጃ ሁለት ዓመት ነው። ሽማግሌ እየላኩ፣ “እንታረቃለን” እየተባባሉ ሁለት ዓመት ያሳለፉና መብታቸው በይርጋ የቀረባቸው ሰዎች ጥቂት አይደሉም። እርቅ መልካም ነው፤ በጽሑፍና በጊዜው ሲሆን ግን ይበልጥ መልካም ነው።

“ድሮም እንዲሁ ነበር”

በዚህ ጽሑፍ ላይ ሊነሱ የሚችሉ ተቃውሞዎች አሉ። የመጀመሪያው “ስንት ዓመት ስንጎትት ኖረናል፣ ምን ሆነ?” የሚለው ነው። መልሱ ከተማው ድሮ የነበረው አለመሆኑ ነው። መኪናው በዝቷል፤ አስፋልቱ ሰፍቶና ለስልሶ ፍጥነት ጨምሯል፤ የኮሪደሩ ሰፊ የእግረኛ መንገድ ደግሞ ብዙ እግረኛ ወደ ጎዳናው አምጥቷል። ፍጥነትና እግረኛ በአንድ ቦታ ሲጨምሩ ትናንት በዕድል ያለፈው ነገር ዛሬ ላያልፍ ይችላል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ክብደት አለው። “ባለ ጠፍጣፋ መኪና ውድ ነው፤ መካከለኛ ገቢ ያለው ሰው ለተበላሸች መኪናው ይህን ከየት ያመጣል?” የሚለው ነው። እውነት ነው። ቁጥጥር ሁሉ ወጪ አለው፤ ወጪውም ብዙ ጊዜ አቅም በሌለው ላይ ይወድቃል። ለዚህ ነው ይህ ጸሐፊ በገመድ መጎተት ነገ ይከልከል የማይለው። በአጭር ርቀት፣ በዝግታ፣ በቀን ብርሃን፣ ገመዱ ላይ ደማቅ ጨርቅ ታስሮ፣ የሁለቱም መኪኖች የአደጋ መብራት በርቶ የሚደረግ መጎተት ችግሩን ይቀንሰዋል። ሊፈቀድ የማይገባው ግን የሥራ መሣሪያ አድርገው በየቀኑ ለትርፍ የሚጎትቱ ድርጅቶች ፍሬንና መብራት በሌለው ተሳቢ መጠቀማቸው ነው። የጄኔሬተር ኪራይ ሥራ የሚሠራ ሰው የፍሬኑን ዋጋ በኪራዩ ላይ ማካተት ይችላል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ተጨማሪ ፈቃድ ተጨማሪ ቢሮክራሲ ነው የሚለው ነው። ይህም በሌላው ዓለም የታየ ክርክር ነው። ብሪታንያ ከጥር 1997 እ.ኤ.አ. ወዲህ መንጃ ፈቃድ ያወጡ ሰዎች ከባድ ተሳቢ ለመጎተት ተጨማሪ ፈተና እንዲወስዱ ስታስገድድ ቆይታ በታኅሣሥ 2021 እ.ኤ.አ. ግዴታውን አንስታዋለች። ይሁንና ፈተናውን ያነሳችው በተሳቢው ላይ ያለውን የፍሬን፣ የመብራትና የክብደት ግዴታ ሳትነካ ነው። እኛም ከሰው በፊት ከዕቃው ብንጀምር ይሻለናል።

ምን ይደረግ?

መነሻው ዓመታዊው ምርመራ ነው። ማንኛውም መኪና ቦሎ ለማግኘት በየዓመቱ ይመረመራል። በዚያው ዕለት መኪናው ላይ የተተከለው ጋንቾ በብሎን የታሰረ ነው ወይስ በብየዳ የተለጠፈ፣ ምን ያህል እንዲጎትትስ አምራቹ ፈቅዷል የሚለው ቢታይና በመኪናው ደብተር ላይ ቢጻፍ ከባድ ወጪ አይጠይቅም። በመስክ መኪና የሚጎተቱ ትናንሽ ተሳቢዎችም እንደ ትልልቆቹ ሰሌዳ ይዘው፣ ክብደታቸው ተጽፎባቸው ይመዝገቡ። ከባድ የሆኑት ፍሬን ይኑራቸው። ከተማ አስተዳደሩም ሆነ ተቋራጮች የኮሪደር ሥራ ውል ሲፈራረሙ ይህን እንደ ቅድመ ሁኔታ ማስቀመጥ ይችላሉ፤ አዲስ አዋጅ አያስፈልገውም።

ድርጅቶች ሾፌር ሲቀጥሩ “መጎተት ትችላለህ?” ብለው ብቻ ሳይሆን “ምን አትጎትትም?” ብለው ይጠይቁ። ግለሰቡ ባለመኪና ደግሞ ከመነሳቱ በፊት አምስት ደቂቃ ሰጥቶ ጋንቾው መቆለፉን፣ ሰንሰለቶቹ መታሰራቸውን፣ የተሳቢው የኋላ መብራት መሥራቱን፣ ጎማው አየር መያዙንና ጭነቱ ወደፊት ማድላቱን ይይ። ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት፣ መሐል ላይ ከደረሰ በኋላ ሳይሆን ከመጀመሩ በፊት፣ ወደ ከባድ ማርሽ ያውርድ። የዓባይን በረሃ ከጎሐ ጽዮን ወደ ታች የወረደ አሮጌ ሾፌር ሁሉ ይህን ያውቃል። ከቤተ መንግሥት ወደ መስቀል አደባባይ የሚወርደው ሾፌር የማያውቅበት ምክንያት የለም።

የሕግ ሥራው ጉዳት ከደረሰ በኋላ ካሣ መወሰን ብቻ ተደርጎ መታየቱ የቆየ በሽታችን ነው። አንቀጽ 2081 ለተጎጂ ቤተሰብ ገንዘብ ያስገኛል፤ አባት ወይም እናት አይመልስም። ሕግ አውጪው በባለቤቱ ላይ ያን ያህል ከባድ ኃላፊነት የጫነው ባለቤቱ አስቀድሞ እንዲጠነቀቅ ነው። የመኪናውን ቁልፍ የያዘው እሱ ነው፤ ጋንቾው ይበየድ ያለው እሱ ነው፤ ገመዱን ያሰረው ወይም ሲታሰር ያየው እሱ ነው። መንገድ የምታቋርጠው ሴትዮ ግን ስለ ኳስ ልክም ሆነ ስለ ፍሬን የምታውቀው ነገር የለም፤ ልታውቅም አትገደድም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው የአባቶች ምክር የተነገረው ለእሷ ሳይሆን ቅጠሉ በእጁ ላለው ሰው ነው።